ካምሪና ሙስታንግ በአንድ መነሻ መስመር፦ የትኛው የድራግ ውድድር ይሻላችኋል?

«ካምሪዬን ሙስታንግ አጠገብ አቁመህ የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?» አለኝ ወዳጄ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን፣ ባድስ ክሪክ ወዳለው የድራግ መወዳደሪያ፣ ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ፣ አንድ ቀን አብረን እንድንወርድ እያባበልኩት ነበር። ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ የዚህ ስፖርት ዋና ጥያቄ እሱ ነው። በ16 ሰከንድ የሚደርስ መኪና በ12 ሰከንድ ከሚደርስ መኪና ጋር ተሰልፎ ምኑን ውድድር ሆነው?

ውድድር ነው። ካምሪው በሕጉ ሊያሸንፍም ይችላል፤ የሚወስነው የገባበት ምድብ ነው።

ድራግ ማለት ሁለት መኪና፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ከቆሙበት ተነስቶ መፈትለክ ነው። ርቀቱ ሩብ ማይል ማለትም 1320 ጫማ (402 ሜትር ገደማ)፣ አለዚያም ግማሹ 660 ጫማ ነው። «ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ» የሚለው ግን ከደንቦቹ አንዱ ብቻ ነው። አማተር ተወዳዳሪ ፊት የሚቀርቡት በጥቅሉ አራት ዓይነት ናቸው፤ ብራኬት፣ ኢንዴክስ፣ ሄድስ-አፕ እና ግራጅ። እያንዳንዱ አንዱን ነገር እኩል ያደርግና ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። አንዱ መኪናን ያስተካክላል፣ ሌላው ሹፌርን፣ ሌላው ምንም አያስተካክልም። ስለዚህ «ፍትሐዊው የቱ ነው?» ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም። እኔ ምድብ ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው «መሸነፌ ካልቀረ በምን ብሸነፍ አይቆጨኝም?» ብዬ ነው።

መጀመሪያ ዛፉ

ድሮ ውድድሩን የሚያስጀምረው ባንዲራ የያዘ ሰው ነበር። ብልጥ ሹፌር ታዲያ ባንዲራውን ትቶ የሰውየውን ትከሻ ያይ ነበር፤ ትከሻው ሲነቃነቅ እሱ ሄዷል። ልጆች ሆነን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስንል «ሦ» ላይ ፈትለክ የሚለውን ልጅ ታስታውሱታላችሁ፣ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የመብራት ምሰሶ መጣና ቀለሙ ስለሚያብረቀርቅ «የገና ዛፍ» ተባለ። ከእኛ ገና ጋር ዝምድና የለውም። ግን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ሥሩ ተጽፎ ቢሰቀል እወድ ነበር፤ ጌቶቹ ሲቆጡ ብዙ አይቻለሁና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መነሻው ላይ መንገዱን የሚያቋርጡ ሁለት ጨረሮች አሉ፤ በመካከላቸው 7 ኢንች ያህል ይርቃሉ። የፊት ጎማ የመጀመሪያውን ሲጋርድ ላይኛው ትንሽ አምፖል ይበራል፤ ይህ ፕሪ-ስቴጅ ነው። ትንሽ ገፋ ብሎ ሁለተኛውን ሲጋርድ ስቴጅ ይበራል። ሁለቱም መኪኖች ስቴጅ ሲሆኑ ዛፉ ይለቀቃል፦ ሦስት ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ለቸኮለ ደግሞ ቀይ፤ ቀይ ሽንፈት ነው።

የዛፉ አለቃቀቅ ሁለት ዓይነት ነው። በሙሉ ዛፍ ቢጫዎቹ በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ወርደው፣ ከሦስተኛው ግማሽ ሰከንድ በኋላ አረንጓዴ ይመጣል። ፕሮ ዛፍ በሚሉት ሦስቱ ቢጫ በአንድ ጊዜ ቦግ ይሉና ከ0.4 ሰከንድ በኋላ አረንጓዴ ነው። ከአረንጓዴው አንስቶ ጎማው የስቴጅ ጨረሩን እስኪለቅ ያለው ጊዜ ሪአክሽን ይባላል፤ ፍጹሙ 0.000 ነው። አረንጓዴ ጠብቆ የሚነሳ ሰው ግን ዘግይቷል። ዓይን አይቶ፣ እግር ረግጦ፣ ሞተር ጎማውን እስኪያዞር ጊዜ ይሄዳልና በሙሉ ዛፍ የሚነሱት ሦስተኛው ቢጫ ሲበራ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ሙሉ ዛፍ ነው። የሚወርደው ቢጫ እንደ ጭብጨባ ምት ይሰጣል፤ ፕሮ ዛፍ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደሚጮህ ጥይት ነው።

ብራኬት፦ ካምሪው የሚያሸንፍበት

በብራኬት መኪናችሁ በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ ራሳችሁ ትተነብያላችሁ። ቁጥሩ ዳያል-ኢን ይባላል፤ በመስታወት ላይ ይጻፋል። ዝግተኛው መኪና በሁለቱ ትንበያ ልዩነት ልክ ቀድሞ ይለቀቃል። ከትንበያው በታች ፈጥኖ የደረሰ ግን ብሬክአውት ሆነ ይባላል፤ ቀድሞ ቢደርስም ይሸነፋል። ሁለቱም ከፈጠኑ በትንሹ ያለፈው ያሸንፋል።

በቁጥር እንየው። ካምሪው 16.50፣ ሙስታንጉ 12.10 ብሎ ጻፈ እንበል። የካምሪው አረንጓዴ በ4.40 ሰከንድ ይቀድማል። ካምሪው በ0.080 ተነስቶ በ16.53 ሮጠ። ሙስታንጉ በ0.040 ተነስቶ በ12.14 ሮጠ። ከካምሪው አረንጓዴ ብንቆጥር ካምሪው በ16.610 ደረሰ፤ ሙስታንጉ በ4.40 ላይ የራሱ 0.040 እና 12.14 ተደምሮ በ16.580። ሙስታንጉ በ0.030 አሸነፈ። ልብ በሉ፣ የፈረስ ጉልበት እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ያሸነፈው የተሻለ ተነስቶ ነው። ሙስታንጉ ያንኑ ጉዞ በ12.08 ቢጨርስ ኖሮ ደግሞ ቀድሞ ደርሶ ይሸነፍ ነበር።

ፍትሐዊ ነው? በመኪና በኩል፣ ከዚህ የሚበልጥ እኩልነት አላውቅም። የደሞዝ መኪና ከተሠራ መኪና ጋር ይፋለማል። ሁለት ነገር ግን አብሮት አለ። አንደኛው ሆን ብሎ ዝግ ያለ ቁጥር ጽፎ መጨረሻው ላይ ፍሬን እየያዙ መግባት ነው። ይህ አያስቀጣም፤ ጥበብ ነው የሚሉት ይበዛሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ ማጭበርበር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አይመስለኝም። ተጋጣሚውን እያየ በሩጫ ላይ ሳለ ስንት ሴንቲሜትር ልቅደም ብሎ የሚያሰላ ሰው ሥራ እየሠራ ነው፤ ካበዛው ደግሞ በራሱ ፍሬን ይሸነፋል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ፈጣኑ መኪና ከኋላ ስለሚመጣ ተጋጣሚውን ፊት ለፊት በመስታወቱ ያየዋል። ዝግተኛው በስፖኪዮ ወይም አንገቱን አዙሮ ነው የሚያየው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የመፍረዱ ዕድል ለፈጣኑ ያደላል። በአንጻሩ ዝግተኛው ሲነሳ ማንም አያደናግረውም፤ ፈጣኑ ግን የጎረቤቱ ዛፍ ወርዶ፣ መኪናው አጓርቶ ሲሄድ እያየ እግሩን መያዝ አለበት። አራት ሰከንድ አጭር እንዳይመስላችሁ።

ቦክስ ያለው ወይስ የሌለው?

ብራኬት ውስጥ ሌላ ምርጫ አለ። ዲሌይ ቦክስ የሚባል ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚፈቅድ ምድብ እና የሚከለክል ምድብ። በቦክስ ሹፌሩ የመጀመሪያው ቢጫ ገና ብልጭ ሲል ካምቢዮውን ቆልፎ መኪናውን በቦታው የሚይዘውን የትራንስብሬክ ቁልፍ ይለቃል፤ መሣሪያው ከአንድ ሰከንድ በላይ በልኩ አዘግይቶ መኪናውን ይለቀዋል። ሰው ለድንገተኛ ብልጭታ የሚሰጠው ምላሽ ምት ቆጥሮ ከሚነሳበት የበለጠ ወጥ ስለሆነ፣ ቦክስ ያላቸው ሹፌሮች በሺኛ ሰከንዶች ነው የሚሸናነፉት።

የሚከራከሩት «ቦክስ ሰውን ያስቀራል» እና «ቦክስ ሰውን ያስተካክላል» በሚል ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ የማደላው ቦክስ ለሌለው ነው፤ ምክንያቴም ገንዘብ ነው። ትራንስብሬክ ያለው ካምቢዮ፣ ቦክሱ፣ ሽቦው ሲደመር ካምሪውን የሚያስንቅ ዋጋ ይሆናል። ለዕለት ሥራ የሚነዳ መኪና ያለው ሰው ቦክስ ምድብ ውስጥ ገብቶ የሚያገኘው ሌሎች ሲያሸንፉ ማየት ብቻ ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ ባይባክ የሚሉትም አለ። በአንዳንድ ትራኮች በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ሰው ተጨማሪ ከፍሎ ይመለሳል። የሽልማቱን ገንዘብ ያሳድጋል፣ አልክድም። ግን አሸንፌው የሸኘሁትን ሰው ሦስተኛ ዙር ላይ መልሼ ሳገኘው ደስ አይለኝም።

ኢንዴክስ፦ መሃል መንገድ

እዚህ ትንበያ የለም፤ ምድቡ ራሱ ቁጥር አለው። በኤንኤችአርኤ፣ በአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር፣ ሱፐር ኮምፕ 8.90፣ ሱፐር ጋዝ 9.90፣ ሱፐር ስትሪት 10.90 ነው፣ በሩብ ማይል። ሁለቱም እኩል ይለቀቃሉ፤ ከቁጥሩ በታች የሮጠ ብሬክአውት ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ከቁጥሩ በጣም ይፈጥናሉ፤ ስሮትል ስቶፕ በሚባል መሣሪያ ሞተሩን መንገድ ላይ ለጥቂት አፍነው መልሰው ይለቁታል። ከውጭ ለሚያይ ግራ ያጋባል፤ መኪናው ይነሳል፣ የሚያንቀላፋ ይመስላል፣ ደግሞ ይፈነጠራል።

ጥቅሙ ከብራኬት ይልቅ ለዓይን ውድድር መምሰሉ ነው። ጉዳቱ መግቢያው ውድ መሆኑ ነው። አንዳንድ የአካባቢ ትራኮች ግን ዘገም ያሉ ኢንዴክሶች ያካሂዳሉ፤ መኪናችሁ ለቁጥሩ ቀረብ ካለ መሞከሩ አይጎዳም።

ሄድስ-አፕ፦ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ

እኩል ይለቀቃሉ፣ ትንበያ የለም፣ ቀድሞ የደረሰ ወሰደ። ሕዝብ የሚወደው ይህን ነው፤ አያቴም ያለ ማብራሪያ የሚገባት ይህ ነው። ፍትሐዊነቱ ያለው ግን መነሻው ላይ ሳይሆን ደንብ ወረቀቱ ላይ ነው። የጎማ ስፋት፣ የመኪና ክብደት፣ የሞተር ዓይነት፣ ጉልበት መጨመሪያው ቱርቦ ነው ናይትረስ ጋዝ፣ ሁሉም በደንብ ይመዘናል። አንዱ አሠራር ማሸነፍ ሲያበዛ አዘጋጁ ክብደት ይጨምርበታል፤ ተሸናፊው «ዘገየ» ይላል፣ አሸናፊው «ተቀናብኝ» ይላል። በዚህ ምድብ የሚወዳደር ሰው መኪናውን የሚያውቀውን ያህል ደንቡን ካላወቀ ገንዘቡን ይበትናል።

ለማን ይሆናል? ጋራዥ ውስጥ ማደር ለሚወድ። በመሸነፍ የሚቆጨው የእግሩ መዘግየት ሳይሆን የሞተሩ ማነስ ለሆነ ሰው። ኪሱም የሚችል ከሆነ።

ግራጅ ደግሞ የሁለት ሰዎች ውርርድ ነው፤ ትራክ ላይ፣ ብዙ ጊዜ የሰዓት ሰሌዳው ጠፍቶ። ማን ስንት ይቅደም፣ በምን ይለቀቅ፣ ሁሉም በድርድር ነው። የመርካቶ ነጋዴ ልብ ያለው ይሞክረው። ሰዓቱ የሚጠፋው ማንም የመኪናውን ልክ ለሚቀጥለው ተጋጣሚ ማሳየት ስለማይፈልግ ነው። ለጀማሪ አልመክርም። ከትራክ ውጭ፣ በሌሊት አውራ ጎዳና ላይ የሚደረገውን ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አላስገባውም፤ እዚያ የሌላ ሰው ልጅ በተቃራኒው ረድፍ ሊመጣ ይችላል።

ጥልቅ መቆም ወይስ ዳር መቆም?

አሁን ብዙ ሰው የሚያደናግረው ጋ ደረስን። ስቴጅ የምታደርጉበት ቦታ በኢንች ይለያያል፤ ኢንቹ ደግሞ ሰዓት ነው።

ዳር መቆም ማለት ሁለተኛው አምፖል ገና እንደበራ ማቆም ነው። ጎማው ጨረሩን እስኪለቅ ረጅም መንገድ አለው፤ ስለዚህ ሪአክሽኑ ይዘገያል። ሰዓቱ የሚጀምረው ግን ጎማው ጨረሩን ሲለቅ ስለሆነ መኪናው ተንደርድሮ ነው የሚቆጠርለት፤ የጉዞ ሰዓቱ ያምራል። ጥልቅ መቆም ማለት ወደፊት ገፍቶ ፕሪ-ስቴጁን ማጥፋት ነው፤ የታችኛው ብቻ ይቀራል። ሪአክሽኑ ይፈጥናል፣ የጉዞ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ቀይ የማብራት አደጋውም ያድጋል።

ብዙ ሰው «ጥልቅ የቆመ ቀድሞ ይደርሳል» ይላል። ሒሳቡን ሥሩት። ሙሉ 7 ኢንች ወደፊት ገባችሁ እንበል። መጨረሻውን በሰዓት 100 ማይል ከሆነ የምታልፉት፣ ያ ፍጥነት በሰከንድ 1760 ኢንች ነው። 7 ኢንች ለ1760 ሲካፈል 0.004 ሰከንድ። የተረፈው ሁሉ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የተዛወረ ነው፤ ከሪአክሽን የቀነሰው የጉዞ ሰዓት ላይ ይጨመራል። ስለዚህ በሄድስ-አፕ ጥልቅ መቆም የሚያተርፈው አራት ሺኛ ነው።

በብራኬት ግን ጨዋታው ይለወጣል። የረዘመውን የጉዞ ሰዓት ዳያል-ኢን ላይ ጨምራችሁ ትጽፉታላችሁ፤ የፈጠነው ሪአክሽን ንጹሕ ትርፍ ሆኖ ይቀራል። ከቦታው ለመነሳት የሚያቅማማ የቤት መኪና ላለው፣ ሦስተኛው ቢጫ ላይ ነዳጅ ረግጦም 0.200 ለሚያወጣ ሰው፣ ይህ መድኃኒት ነው።

ችግሩ ጥልቅ የሚቆም ሰው ሌላውንም አስጀማሪውንም ማስጠበቁ ነው። በብዙ ትራኮች ጥልቅ የምትቆሙ ከሆነ «ዲፕ» ብላችሁ መስታወት ላይ ትጽፋላችሁ፤ ያም ሆኖ አስጀማሪው እስክትገቡ ይጠብቃል የሚል ዋስትና የለም። በአንዳንድ ምድቦች ጨርሶ ይከለከላል። ስለዚህ የእኔ ምክር፦ መጀመሪያ ዳር ቁሙ፣ በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ። አንድ ቀን ጠለቅ፣ አንድ ቀን ዳር የሚል ሹፌር ዳያል-ኢኑን በጭራሽ አያገኘውም። የፊት ጎማ ስትቀይሩም ይህ ሁሉ ይለወጣል፤ ትልቅ ጎማ ጨረሩን ረዘም ላለ ጊዜ ይጋርዳል።

ማን ቀድሞ ይግባ?

ጨዋነቱ ይህ ነው፦ ሁለቱም ፕሪ-ስቴጅ ሳያበሩ አንዱ ስቴጅ አይገባም። አንዳንድ ውድድሮች ደንብ አድርገውታል፤ በሌሎች ወግ ብቻ ነው። ተጋጣሚው ገና እየተጠጋ ሳለ ሁለቱንም አምፖል አብርቶ የሚጠብቅ ሰው ያጋጥማችኋል። እኔን አንድ ትራክ ላይ አጋጥሞኛል። ሰውየው ገብቶ ቁጭ አለ፣ እኔ ተጣደፍኩ፣ እግሬ ፍሬን ላይ በቅጡ ሳያርፍ ዛፉ ወረደ፣ ቀይ። ሄጄ ስጠይቅ «እዚህ የሚከለክል ደንብ የለም» ተባልኩ። ልክ ነበሩ፤ ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የዚህ ተቃራኒው ደግሞ ሁለቱም «አንተ ግባ» እያሉ መፋጠጥ ነው። በሄድስ-አፕ ይህ ጉልበት ነው፤ ቱርቦው ግፊት እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል፣ ናይትረሱ መቆየት አይፈልግም። ለዚህ ነው አውቶስታርት የተባለው ሥርዓት የሚጠቅመው፤ አንዱ ከገባ በኋላ ለሌላው የተወሰነ ሰከንድ ይሰጠዋል፣ ካለፈ ዛፉ ይለቀቃል። የሰከንዱ ቁጥር እንደ ትራኩና እንደ ምድቡ ነው። ስቴጅ የሚገባው ደግሞ በራስ ሞተርና ወደፊት በመሄድ ነው፤ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ መግባት የለም።

ቀይ መብራት፦ ሳትከፍሉ የምትጠይቁት

ሁለቱም ቀይ ቢያበሩስ? በቆየው ደንብ መጀመሪያ ያበራው ይሸነፋል። በብራኬት ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚለቀቀው ዝግተኛው ነው። ካምሪው በሁለት ሺኛ ሰከንድ ቀድሞ ቀይ ቢያበራ አለቀለት፤ ሙስታንጉ ከኋላ በ0.050 ቢያበራ እንኳ አሸናፊ ነው። ይህን ፍትሐዊ የሚለውን ሰው አላገኘሁም፤ ፈጣን መኪና ካለው በቀር። አሁን የሁለቱንም ስህተት መዝኖ የባሰውን የሚጥል የሰዓት ሥርዓት አለ። ዝግተኛ መኪና ካላችሁ ይህን ሥርዓት የሚጠቀም ትራክ ምረጡ፤ እኔ ለዚያ ስል ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት እነዳለሁ። የመሃሉን መስመር ማቋረጥ ግን ከቀይም የባሰ ጥፋት ነው፤ ቀይ ካበራው ተጋጣሚያችሁ ድል ታገኙ የነበረውን በመሪያችሁ ትመልሱለታላችሁ።

ባሕረ ሰላጤው ወይም አውሮፓ ላላችሁም ትራክ አይጠፋም። በባሕሬን ሳኪር፣ በአቡዳቢ ያስ ማሪና፣ በዶሃ የኳታር ሬሲንግ ክለብ የድራግ መንገድ አላቸው፤ እንግሊዝ ውስጥ ሳንታ ፖድ በራስ መኪና መሮጥ የሚቻልባቸው ቀኖች አሉት። ደንቡ እንደ ቦታው ስለሚለያይ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ።

ለመጀመሪያ ቀን ውድድር ሳይሆን የሙከራ ምሽት እመርጣለሁ። ረጅም ሱሪና የተሸፈነ ጫማ ልበሱ። በኤንኤችአርኤ ደንብ በሩብ ማይል 13.99 ወይም ከዚያ ፈጥኖ ለሚሮጥ ሄልሜት ግዴታ ነው። ኤሲውን አጥፉ፤ ውሃ መንገዱ ላይ ያንጠባጥባል። ከመነሻው በስተኋላ የውድድር ጎማ ለማሞቅ የሚፈሰውን ውሃ የመንገድ ጎማ ያለው መኪና ዞሮት ነው የሚያልፈው፤ ሌላው ሲገባበት አይታችሁ እንዳትከተሉ።

ወዳጄ በመጨረሻ ቦክስ የሌለውን ብራኬት መረጠ፣ ዳር እየቆመ። ዳያል-ኢን የሚጻፍበትን ነጭ የጫማ ቀለም ሳቀብለው «አሜሪካ ድረስ መጥቼ ሊስትሮ ልታደርገኝ» አለና መስታወቱ ላይ ትልቅ አድርጎ 16.50 ጻፈ። ትንሽ አየውና ዜሮውን በጣቱ ጠርጎ 4 አደረገው።